ከሸርቆሌ የመጣው ቀርከሃ

ይድረስ ለልጄ፤

አላህ ባለሽበት ሰላሙን ያውርድልሽ። ጉሮሮሽ ዳነ ወይ? ያ ሳል በስልክ ሲሰማኝ የሚያመው የእኔን ደረት ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል። ማንጎው ዘንድሮ ፍሬው በዝቶበት ቅርንጫፉ ተሰብሯል። ፍየሏ መንታ ወልዳለች። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህርት ጣሂራ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ እንዳታሳምረው አስምያታለሁ።

መጽሐፍሽ ደርሶኛል። ጣሂራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማንጎው ሥር እየተቀመጠች በአራት ቀን አንብባ ጨረሰችልኝ። ፊደል አላውቅም። ሲነበብ ግን ቅጥፈቱን ከእውነቱ ለይቼ እሰማለሁ።

ብዙውን ወድጄዋለሁ። ቀርከሃ ስሰነጥቅ መዳፌ እንዴት እንደሚተረተር ጽፈሻል። የቀርከሃ ቡቃያ ባልወጣበት ክረምት የሰው ሆድ ምን ያህል እንደሚጨክን ጽፈሻል። አባቴ እንዴት ይጠጣ እንደነበር፣ ማስታወኩ እንኳ ሳይቀር ጽፈሻል። ጓደኛዬ ሌንጂሳ አጠገባችን ሆኖ ሲሰማ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ገበናህን ገበያ አወጣችው እኮ” አለኝ። “የአንተን የሚጽፍ ልጅ ስለሌለህ ቀንተህ ነው” አልኩት። ሳቀ።

ጣሂራን፣ “ይህ ምን ዓይነት አጻጻፍ ነው? አንድ ሰው እንኳ አይድንም እንዴ?” አልኳት። ተፈጥሯዊነት ይባላል አለችኝ፤ ፈረንጆች ድሮ የጀመሩት ነው። ጸሐፊው እንደ ሐኪም ይሆናል፤ ሰውን ገልጦ ያያል እንጂ አያለቅስለትም፣ አይፈርድበትም። ድሃውን፣ ሰካራሙን፣ የተራበውን ሳያስጌጥ ያቀርባል። ሰው በምርጫው የሚሄድ ይመስለዋል፤ የሚነዳው ግን ደሙ፣ ያደገበት መንደርና ረሃቡ ነው። ከሰማይ ወርዶ የሚያስጥለው የለም። ወንዙም ማን እንደገባበት ግድ የለውም። እንዲህ አድርጋ አስረዳችኝ።

እሺ። ወንዙ ግድ የለውም፣ እውነት ነው። አባቴ ዳቡስ ወንዝ ገብቶ ሲቀር ዳቡስ ምንም አላለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ወንድሜ ኻሚስ በገዛ እግሩ ሲገባበትም ምንም አላለም። ይህን እንዳለ ጽፈሻል፤ አልከፋኝም። የከፋኝ መጨረሻው ነው። ሦስተኛዋን፣ ልጅቷን፣ ወንዙ ዳር አቆምሻት። “ደሙ ጠራት” አልሽ። ጣሂራ መጽሐፉን ዘጋችው። ልጅቷ ማን ናት ብዬ ጠየቅኋት፤ ለመሄድ ተነሣች። ቆይታ ግን፣ በስልክ “ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ለአባቴ እንዳትነግሪው” እንዳልሻት ነገረችኝ። አትቆጪያት፣ ደግ አደረገች።

ከዚያ ወዲህ ከቀትር በኋላ ጋደም ባልኩ ቁጥር አንድ ሕልም ይመጣብኛል። ቀርከሃው ሁሉ አብቧል። አበባው እንደ ገለባ የነጣ ነው፤ ነፋስ ሳይኖር ይዘንባል። አንቺ በመካከሉ ትሄጃለሽ፤ ሰባት ዓመትሽ ነው፣ ደግሞም የዛሬው ዕድሜሽ ነው። ስጠራሽ ድምፄ አበባ ሆኖ ይረግፋል። ከወዲያ ውሃ ይሰማል። አንቺ ወደ ውሃው ስትሄጂ መንገዱ ዞሮ ጓሯችን ያደርስሻል። እዚያ ያለው ቀርከሃ አላበበም፤ አረንጓዴ ነው። እጅሽን ታሳርፊበታለሽ፤ ያኔ እነቃለሁ።

ስህተትሽን ያሳየኝ ይህ ሕልም ነው። ቀርከሃው ያበበበትን ዓመት ጽፈሻል። ቀርከሃ በሰው ዕድሜ አንዴ ቢያብብ ነው፤ ሲያብብ ከአንድ ሥር የመጣው ሁሉ፣ ዱር ያለውም ጓሮ የተተከለውም፣ አብሮ አብቦ አብሮ ይሞታል። “ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ ቀኑን ቆርጦለታል። በመንደራችን አንድም አልቀረም” አልሽ። ውሸት። አንድ ቀርቷል። የእኛ ጓሮ ቀርከሃ አላበበም፣ አልሞተምም። እናትሽ ዓፊያ፣ አላህ ይማራትና፣ እስክትሞት ድረስ ቡቃያውን ቀቅላ አብልታሻለች። ዛሬም ቆሟል።

ለምን እንዳልሞተ ጠይቀሽኝ አታውቂም። እኔ የማውቀው ሐኪም መጀመሪያ “የሚያምህ የት ጋ ነው?” ብሎ ይጠይቃል።

ያ ቀርከሃ ከዚህ አገር ሥር አይደለም። ከሸርቆሌ የስደተኞች ሰፈር ነው ያመጣሁት። ስደተኞቹ ከወሰን ማዶ በጎረፉበት ዓመት፣ እኔና ዓፊያ ለመጠለያ የሚሆን ቀርከሃ በአህያ እናደርስላቸው ነበር። ከተጋባን አሥር ዓመት አልፎን ነበር፤ ቤታችን ልጅ አጥቶ ጭር ያለ ነበር። ስንመለስ ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጫንኩት። ዓፊያ መንገዱን ሁሉ ውሃ ስታርከፈክፍ ነበር። ያን ቀን አህያዋ ላይ የነበረው ቀርከሃው ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ ጣሂራ ብዕሯን አስቀመጠች። “አባባ፣ ይኼስ ይቅር። ይህን ሁሉ ዓመት በሆድዎ የያዙትን” አለችኝ። “አንሺና ጻፊ” አልኳት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አሶሳ ገበያ መሃል “የኔ ደም” እያልኩ ስኮራብሽ ኖሬያለሁ። አስተማሪዎችሽ ሲያመሰግኑሽ “ጭንቅላቱ ከእኛ ዘር ነው” ብያለሁ። ሰው ፊት የተናገርኩትን የምውጥ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ዋጥኩት። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ።

የአባቴ ወንዝ የአባቴ ነው፤ የኻሚስም የኻሚስ። አንቺን ዳቡስ ስምሽንም አያውቀው። ደግሞስ ደም ስትቆጥሪ እኔን የት አደረግሽኝ? የዚያው አባት ልጅ፣ የዚያው ኻሚስ ታላቅ ነኝ። ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። ያንን ወንዝ ቀርከሃ ተሸክሜ ስንት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤ መሃሉ ላይ ቆሜ ያሰብኩበትም ቀን ነበር። ዓፊያ ቤት አንቺን አዝላ እየጠበቀችኝ ነበርና ተሻገርኩ። ይህንን በመጽሐፍሽ አላገኘሁትም።

ክረምቱ ሲገባ ነይ። ቡቃያው ሲወጣ በእጅሽ ቆርጠሽ ቅመሺው። እስከዚያ ጣሂራ በየቀኑ ትደውልልሻለች፤ ስልኩን አንሺ። አላህ ከእግርሽ ሥር ደረቅ መሬት አያሳጣሽ። ዕድሜሽ ከእኔ ይርዘም፤ እጅሽ መጻፉን አይተው።

መፈረም ስለማልችል አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከታች አትሜዋለሁ። ከራስሽ ጣት ጋር አታስተያዪው። ቀርከሃውን የተከለ ጣት ነው፤ መሄድ ስትለምጂ ጨብጠሽ የቆምሽውም እሱን ነው።

አባትሽ