ከግድቡ ደረጃ ሥር ስለቆሙት እንግዶቻችን

ለተከበሩ የግድቡ የውኃ አስተዳደር ኃላፊ፣
ኮሎምቢያ ወንዝ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ እንዳይለይዎት እየተመኘሁ፣ ከግድቡ በላይ ያለን ነዋሪዎችም በዚህ ሐሩር እስካሁን በሕይወት መኖራችንን በትሕትና አስታውቃለሁ።

ለሦስተኛው ደብዳቤዬ በሰጡኝ መልስ፣ ሳልሞን ዓሦቹ ከግድቡ ሥር «በራሳቸው ፈቃድ ዕረፍት ላይ» መሆናቸውን ስላስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ መውጫ ያጡ መስሎኝ ነበር። ሆኖም ግራ የገባኝን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ቴርሞሜትራችሁ ፀሐይ በማይደርስበት ጥልቅ ውኃ ውስጥ ተሰቅሎ አሥራ ሰባት ዲግሪ ያነባል። ዓሦቹ ግድቡን የሚሻገሩበት ደረጃ ግን ውኃውን የሚቀበለው ከላይ፣ ፀሐይ ሲጠብሰው ከዋለው ነው፤ እኔ ስለካው ሃያ ሦስት ሆነ። ቀዝቃዛ ውኃ የለመደው ዓሣ አፍንጫውን አስገብቶ ይመለሳል። ሪፖርታችሁን ማንበብ ስላልቻለ በእሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ሳልሞን ከባሕር ወጥቶ ወንዝ ከገባ ወዲህ ምንም አይቀምስም፤ ስንቁ ገላው ላይ ያለው ስብ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ጅረት በሚቀላቀልባት ጥግ ተጨናንቆ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቆም የሚበላው ራሱን ነው፤ ዕንቁላሉን የሚጥልበት ቦታ ደግሞ ገና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። እንዲህ ያለውን ዕረፍት ለጠላቴም አልመኝ።

፫. ቀዝቃዛውን ውኃ ከታች ስቦ ደረጃው ላይ የሚያፈሰው ፓምፕ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በግቢያችሁ ሸራ ለብሶ ስለ አጠቃቀሙ የምታካሂዱትን ጥናት ማለቅ ይጠብቃል። ጥናቱ የሚያልቀው መስከረም ላይ፣ ወንዙ በራሱ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ መሆኑንም ሰምቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

በእኛ በወንዙ ነባር ሕዝብ ዘንድ የዓመቱን የመጀመሪያ ሳልሞን በዕድሜ ትልቋ እናት ቀምሰው ሳይመርቁ ማንም መረብ አይጥልም። ትልቋ አክስቴ ሊዮታ ናቸው፤ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሐኪሙም ከዚህ በጋ አሻግሮ ተስፋ አልሰጠንም። ዓሣው ከታች፣ እሳቸው ከላይ ይጠባበቃሉ፤ እኛም መረባችንን ታቅፈን ወዲህም ወዲያም ማለት አቅቶን ተቀምጠናል። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም።

ማክሰኞ ዕለት ለዚሁ የምርቃት በዓላችን በካርቶን አሽገው በመኪና የላኩልን የእርባታ ሳልሞን ደርሶናል። አክስቴ ካርቶኑን በምርኩዛቸው ነካ አድርገው፣ «መልሱለት። እኔ የምመርቀው በራሱ ጉልበት ደጄ የደረሰውን ነው። ይሄንን ማን ጠራው?» አሉ። ስለዚህ ከታላቅ ምስጋና ጋር ተመልሶልዎታል።

ከጥናትዎ ማለቅና ከአክስቴ ዕድሜ የትኛው እንደሚቀድም ቀን በመቁጠር ላይ የምገኝ፣
ዘወትር አክባሪዎና ትሑት ጎረቤትዎ፣
ቴልማ ሳምፕሰን

ማሳሰቢያ፦ በካርቶኑ ላይ «ከአራት ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ የስድስት ሰዓት መንገድ ተጉዞም በረዶው አልሟሟም ነበር። ለሞተው ዓሣ ይህን ያህል ከተጨነቃችሁለት፣ የእኛዎቹ ጥፋት በሕይወት መምጣታቸው ነው።