«ተኝቷል» ያልኩሽ ሰባት ሳምንት

ሐሙስ፣ የካቲት 9፤ ከሥራ መልስ

የኔ ዓለም፣ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትልቋ ትምህርት ቤቱን ለመደች? ታናሹስ ጥርስ አበቀለ? ይህን ሁሉ በስልክ ብጠይቅሽ ደስ ባለኝ። ግን በወር አንዴ ስትደውዪ ስልኩን ለልጅቷ ሰጥተሽ ዞር ስለምትዪ በደብዳቤ ይሁን ብዬ ነው። አልተቀየምኩም። ከኋላ ሳህን ስታነሺ፣ ቧንቧ ስትከፍቺ እሰማለሁ። በዚያ ደህና መሆንሽን አውቃለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ሥራዬ እዚያው ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነው፤ አንሶላ እተኩሳለሁ። አዲስ ማሽን አምጥተውልናል። የድሮው ጣት ይበላ ነበር፣ ይኼኛው ጆሮ ይበላል።

አሁን ደግሞ ሳቂብኝ፤ ተማሪ ሆኛለሁ። እንግሊዝኛ። ምክንያቷ ልጅሽ ናት። ክረምት ላይ ስልክ ይዛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «የስ» አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፤ «የስ፣ የስ» አልኳት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። በማግስቱ የሰማሁትን ድምፅ እንዳይጠፋብኝ እያነበነብኩ ሥራ ቦታ ወዳለችው ጸሐፊ ሄድኩ። «አያቴ፣ ምን ስትሠሪ ሰነበትሽ ነው ያለችሽ» አለችኝ። እስቲ አስቢው፣ ምን ስትሠሪ ሰነበትሽ ተብሎ «አዎ» ብሎ መመለስ! ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት ተመዘገብኩ።

የምንማረው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሥራ ስወጣ። ዘጠኝ ነን። አስተማሪዋ ታናሽሽ ብትሆን ነው፤ ስንሳሳት እኛ ሳንሆን እሷ ታፍራለች። አጠገቤ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መሀል ላይ ቀጥ ስለሚል «ፍሬን» ብለን ስም አወጣንለት። ሲጠሩት አቤት ይላል።

ሰኞ ዕለት ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ የሚባል ነገር ጀመርን። ስሙ ብቻውን አንድ ትምህርት ይወጣዋል። አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አስምራ፣ «ቀደም ብሎ ተጀምሮ እስካሁን ያላቋረጠ ነገር የምንናገርበት ነው» አለችን። ከዚያ ወረቀት አደለችንና ሁለት ሁለት ሆነን እንድንለማመድ አዘዘች። ፍሬን ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ «ባልሽ ምን ሲሠራ ሰነበተ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያነበበው፤ እሱ ምን ያውቃል?

እኔም ሳላስብ መለስኩ። «ሂ ሀዝ ቢን ስሊፒንግ»፣ ተኝቶ ነው የሰነበተው፣ አልኩት።

አንዲት ነገር አልተሳሳትኩም። አስተማሪዋ ከወዲያ ሆና አጨበጨበችልኝ። ፍሬን ሳቀና «ታድሎ! ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ። ለካ ቀኑን መጨመር ነበረብኝ።

ልጄ፣ መልሱ ከየት እንደመጣ ገባሽ? ለአንቺ ስልሽ የከረምኩት ነው። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርጂ፣ ምንም ነገር እንዳያስደነግጥሽ ብሎ፣ ታናሹን በሆድሽ ይዘሽ ተኝተሽ ሳለ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ በደወልሽ ቁጥር «አባቴስ?» ትዪኛለሽ፤ «ተኝቷል» እልሻለሁ። ጠዋት ተኝቷል። ቀትር ላይ ተኝቷል። አንድ ቀን «ይኼ ሰውዬ እንቅልፍ አበዛሳ!» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ከቀበርነው አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

ፍሬን መልስ ይጠብቃል። በገዛ ቋንቋችን «ሞቷል» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነው መሰለኝ ክፍሉ በሙሉ ዞረ። አስተማሪዋ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና «ይቅርታ እማማ፣ ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። እሷ ምን አጠፋች? ፍሬን እርሳሱን አስቀምጦ «የኔም ሚስት . . .» አለ። አልጨረሰውም።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው ልብ ያልኩት፤ ያን ቃል ለአንድ ሰው በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ለአንቺ እንኳ ከወለድሽ በኋላ የነገረችሽ አክስትሽ ናት። ደውለሽ «ስንብት ነሳሽኝ» ያልሽኝ ቀን ልክ ነበርሽ። መልስ ያጣሁት ተበድዬ አይደለም። አንቺ ከምታውቂው የባሰ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ልንገርሽ። አባትሽ በድንገት አልሞተም። አክስትሽ ስትጠይቀኝ «በድንገት ነው» ብቻ ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ታሟል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ አለና «ስልኩን አምጪው፣ ለልጄ ልደውል» አለኝ።

«ድምፅህን ከሰማች ትደነግጣለች። ነገ ሲሻልህ ትደውላለህ» አልኩት።

«ነገ?» አለኝ።

«አዎ፣ ነገ።»

እጁን ዘርግቶ ነበር። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እጁን መልሶ ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈው። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት አንቺ ሁለቴ ደወልሽ። ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እሱም ይሰማል፤ ዓይኑን ከኪሴ ላይ አላነሳም። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ላፈላ ወጥቼ ስመለስ አልፏል።

ለአንቺ አስቤ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አባበልኩ። ለአንቺ ማሰቤ ውሸት አይደለም። ግን ደግሞ ፈርቼ ነው። አንቺ በስልክ ካለቀስሽ እንደሚሞት ይገባዋል፤ እሱ ከገባው እኔም ይገባኛል ብዬ ነው።

ዛሬም ትምህርት ነበረኝ፤ ቀርቼ ይህን እጽፍልሻለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ዓመት ሙሉ ያልነገርኩሽን ዛሬ ነግሬሽ፣ ዛሬውኑ ይቅርታ መጠየቅ ዓይን አውጣነት ነው።

አንድ የቀረ አደራ አለብኝ። ያን ቀን ማምሻውን ውሃ ሳጠጣው እንዲህ አለኝ፦ «የክፍሏን መስኮት መቀርቀሪያ ቀይሬዋለሁ፤ አሁን ይከፈታል። ስትደውል ንገሪያት።» ከመታመሙ በፊት ብሎን ሲያስር እንደነበር አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍልሽን እጠርጋለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፤ መስኮቱን ግን ነክቼው አላውቅም። የነገረው ለአንቺ ነው፤ የምትከፍቺውም አንቺ ነሽ።

ልጆችሽን በጤና ያሳድግልሽ። ስታረጂ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጠው እውነቱን የሚነግሩሽ ይሁኑ። ቤትሽ ሰላም አይጣ።

የምትወድሽ
እናትሽ