ቤቱ ከውጪ ሲታይ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ታቃስታለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ ጥርስ ወለቀ ብለህ ነበር፤ በቀለላት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስለ እማዬ በተለይ "ደህና ነች ብለሽ ጻፊና ወደ ቤቱ ጉዳይ ግቢ" ተብያለሁ፤ ስለዚህ ደህና ነች። የቀረው እንግዲህ የቤቱ ጉዳይ ነው።

የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ይዛው ብዙ ቆየችና፣ ሸብቷል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ፎቶው እጅሽ ላይ አይደል ወይ ስላት፣ ፎቶ ሰውን ያሳምራል፣ አንቺ ንገሪኝ አለች። ጆሮ ግንዱ ላይ ጣል ጣል አድርጎበታል አልኳት። ሳቀች፣ ፎቶውንም ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

ቤቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ያልከውን እሷ ከልክላኛለች። መጥቶ ይየው ትላለች። አንተ ደግሞ ሲያልቅ እመጣለሁ፣ የተጀመረ ቤት ማየት አልወድም ትላለህ። ግትርነቱን እኩል ነው የተካፈላችሁት፤ ለእኔ ምንም አልተረፈም። ስለዚህ ቤቱን በቃል ልሥራልህ።

ውስጡ ያለቀ ዕለት እማዬ፣ ውስጡን እኔ እችልበታለሁ፣ ውጪውን አንቺ ተምረሽበታል ብላ ሰጠችኝ። ዘመኔን ሙሉ የሰው ቤት ፊት ስነድፍ ኖሬ ለራሳችን ስሠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። ግድግዳው ግራጫ ልስን፣ በሩም ያው ግራጫ ሆኖ እጀታው የተቀበረ፣ በርና ግድግዳ እንዳይለዩ። መንገዱ አንጸባራቂ ሴራሚክ፣ ደረጃው ከመንገዱ ጋር አንድ ቀለም። አምፖሎቹ ግድግዳው ውስጥ ተሸሽገው ብርሃናቸው ብቻ ፈሰስ የሚል። አሁን የሚወደደው እንዲህ ያለው ነው፤ ሁሉም ነገር የሚደበቅበት ቤት።

ወረቀቱን ወስጄ ሰጠኋት። አቀረበችው፣ አራቀችው፣ ጣቷን እያስኬደችበት በሩ ሲያምር አለችኝ። ቢሮ ተመልሼ ቦርሳዬን ብከፍት የቤቱ ፊት ያለበት ወረቀት እዚያው ቁጭ ብሏል። ለካ የሰጠኋት የፍሳሽ መስመሩን ፕላን ነው። በሳቅ ፈረስኩ። የእናታችንን ተረበኛነት ታውቀው የለ፤ አሾፈችብኝ ብዬ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አወራሁት።

ትእዛዟ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ እንደምታውቀው፣ ትንሽ ትንሽ እያለች። መጀመሪያ በሩ ቢጫ ይሁን አለች፣ የእንቁላል አስኳል ዓይነት ቢጫ፤ ግድግዳው ደግሞ ነጭ። እማዬ፣ ከመንገድ ማዶ እኮ ይጮኻል ስላት፣ ይጩኻ፣ በር ተደብቆ ምን ሊሠራ ነው አለችኝ። በልጅነቴ ስጨቀጭቅህ "ለምን" ብለህ ያወጣህልኝ ስም ዘንድሮ ጸደቀ። ለምን ቢጫ፣ ለምን ነጭ ስል ሰነበትኩ። መልሷ ሁሌም አንድ ነው፤ አንቺ ልጅ፣ ሳትወለጂም ቤት ነበረኝ።

በሩ ሳይደርቅ ሴራሚኩን አስነሳች። ያዳልጣል፣ ሻካራ ድንጋይ ይነጠፍልኝ፣ ግራና ቀኙን ደግሞ ጠጠር ይፍሰስበት አለች። ግንበኛችንን ቱንቢ ነው የምንለው፤ ግድግዳ አቁሞ ፀጉር ታህል የማይስት፣ ራሱ ግን ወደ ግራ ዘንበል ያለ ሰውዬ ነው። እሱ ድንጋዩን ሲያራግፍ እማዬ ጫማዋን አውልቃ እየረገጠች መረጠች። ጠጠሩ ለምን ስላት፣ ሲረገጥ ይናገራል፣ ከመንገዱ የወጣ ሰው መውጣቱን ይወቅ አለችኝ። የምን ሰው? ከግቢው በር እስከ ቤቱ በር እኮ የሚጠፋበት ጫካ የለም።

ቀጥሎ የአጥሩ ግንብ መጣ። እጇ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ ከግቢው በር እስከ ደረጃው ድረስ ሻካራ ድንጋይ በመስመር ይግባ አለች። ቱንቢ ሲደረድር አጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን በመዳፏ ትዳብሳለች፤ ይሄ ለስልሷል፣ ቀይረው። እናትሽ ድንጋይ እንደ ጨርቅ ነው የምትመርጠው አለኝ ሰውዬው። አለቀ ስል የደረጃዎቹ ጠርዝ ነጭ ይቀባልኝ አለች። ተሸሽገው የነበሩት አምፖሎችም አንድ በአንድ ከጉድጓዳቸው ወጡ።

አትክልቱንማ ተወው። እኔ በቅርጽና በቀለም አስማምቼ ነበር። እሷ ሁሉንም ሰርዛ የግቢው በር ላይ ጽጌረዳ፣ መታጠፊያው ላይ ናና፣ ደረጃው ሥር ጠጅ ሳር አለች። ቀላቅለን ብንተክላቸው እኮ ያምራሉ ስላት፣ የለም፣ እያንዳንዱ በየቦታው፣ ከተቀላቀለ በምን ልለየው ነው አለችኝ። የምትለው አልገባኝም። ከጎረቤት ጋር ፉክክር ገብታ ይሆን? ቴሌቪዥን ላይ አይታው ይሆን? ቱንቢን ባማክረው፣ ሰው ሲያረጅ ልጅ ይሆናል፣ ልጅ ደግሞ ቢጫ ይወዳል ብሎ ገላገለኝ።

ግን ልደብቅህ አልችልም፣ አማረ። ነጩ ግድግዳ ላይ ያ ቢጫ በር፣ ከጎኑ የጠቆረው ድንጋይ እንደ መቀነት እየተጠማዘዘ ሲሄድ፣ ከጠጠሩ መሃል የናናው ሽታ ብድግ ሲል፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። የቢሮ አለቃዬ መጥታ ዞር ዞር አለችና ይህን ሐሳብ ከየት አመጣሽው አለችኝ። ከእናቴ ብላት አላመነችኝም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሳልነግራት ወደ ቤቱ ሄድኩ። ቢጫው በር ላይ ቆሜ ቁልፍ ስፈልግ እሷ ከግቢው በር በኩል ስትመጣ አየኋት። መዳፏን ድንጋዩ ላይ እያስኬደች ነው የምትመጣው። ጽጌረዳው ጋ ቆም፣ ናናው ጋ ቆም ትላለች፤ ትምህርት እንደሚሸመድድ ተማሪ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዴ ጠጠሩ ኮሽ አለባት፤ ወደ መሃል ተመለሰች። ደረጃው ጋ ስትደርስ ጠርዙን በእግሯ ጫፍ ፈለገችው። እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ፣ ፀሐዩም ፊቴ ላይ ነበር። ቀና አለችና፣ ቱንቢ፣ ዛሬ ማልደህ መጣህ አለችኝ።

እኔ ነኝ እማዬ አልኳት።

እጇን ሰደድ አድርጋ ክንዴን ያዘችና፣ ይህን ለወንድምሽ እንዳትጽፊ፣ ደንግጦ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ቤቱ ሲያልቅ በደስታ ይምጣ አለች። ማይልኝ አለችኝ፤ ማልኩላት። ምኑን እንደማልጽፍልህ እሷም በስሙ አልጠራችውም፣ እኔም አልጠየቅኋት፤ በሕይወቴ ለምን ያላልኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ስትገባልኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያ የፍሳሽ ፕላን ትዝ አለኝ። እየሳቅኩ ለስንቱ አውርቼዋለሁ።

መሐላዬን እንዳፈረስኩ እንዳትቆጥርብኝ። የጻፍኩልህ ስለ በር፣ ስለ ድንጋይና ስለ ናና ነው። የቤቱን ወሬ ጻፊ ያለችኝ ራሷ ናት።

የቀረው የግቢው በርና የጣራው ክፈፍ ነው። አናጺው ዛሬ ነገ ይላል፣ እማዬ ታጣድፈዋለች። ሰሞኑን ደግሞ ቢጫው በር ደበዘዘ፣ ቀለም ጨምሩበት ማለት ጀምራለች። ቀለም ቀቢው መጥቶ ደግሞ ቀባው። ትናንት ደግሞ አሁንም ደብዝዟል አለችኝ። ወንድም ዓለም፣ ቀለም የእኔ ሙያ ነው። በሩ አልደበዘዘም።

ቤቱ እስኪያልቅ አትጠብቅ። የጣራ ክፈፍ የጎደለው ቤት ብታይ ምንም አትሆንም። ስትመጣ በጠራራ ቀን ይሁን፤ ያን ፎቶው ላይ የለበስከውን ቀይ ሹራብህንም ልበስልኝ። ከሩቅ ሆነህ እንዳትጣራ። በድንጋዩ መንገድ ሂድና ደረጃውን ወጥተህ ብርሃኑ ያለበት ቦታ ፊት ለፊቷ ቁም፤ ቀረብ በላት። ሽበትህን ከእኔ አትስማ፣ ራሷ ትየው።

እማዬ ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ ልጆቹን ያሳድግለት ብላሃለች። እኔ ደግሞ መንገድህን ያቅናልህ፣ ሳይመሽም ያገናኘን እላለሁ።

ታናሽ እህትህ፣
ያቺው "ለምን"