ፀሐይ የሞቀ የባትሪ ድንጋይ

ማክሰኞ

ሃያ ዘጠኝ ሰከንድ። «በዝቷል» አሉ መምህር አዱኛ፤ «ዓርብ ድገሙት።»

ካፓሲተሩን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ ጽሑፉን በምላጭ ፍቀው ነው የሰጡን፣ ዋጋውን ራሳችን እንድናገኘው። አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያዘገይ አንድ ሬዚስተር፣ ካፓሲተሩ። በቃ። እኔ የቮልት መለኪያውን፣ መልቲሜትሩን፣ አያለሁ፤ ካፓሲተሩ የባትሪውን ቮልት ስድሳ ሦስት በመቶ ሲሞላ «አሁን!» እላለሁ። አብራኝ የምትኖረው ዘውዴ በስልኳ ሰዓቱን ታቆማለች። ሰከንዱን ለሬዚስተሩ ዋጋ ስናካፍል የካፓሲተሩ ዋጋ ይወጣል።

በትክክል ያገኙ ሁለት ልጆች ደብረ ታቦር ለውድድር ይሄዳሉ። ዘውዴ ደብረ ታቦርን አይታ አታውቅም።

ረቡዕ

የኪራይ ክፍላችን ውስጥ ሞከርን። ሠላሳ አንድ! ጭራሽ ባሰበት።

«‹አሁን!› ስልሽ እንቅልፍ ይወስድሻል እንዴ? ጣትሽ ፈዛዛ ነው!» አልኳት፣ አከራያችን እትዬ ጥሩዬ እየሰሙ። ሰዓት ቆጣሪውን ዜሮ ላይ መለሰች። እንዲህ ስትሆን እኔ ይብስብኛል።

ሐሙስ

በዘውዴ ፋንታ የክፍል ጓደኛችን ደሳለኝ ይሰጠኝ ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ «ተስማምታችሁ ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። አልተስማማንም፤ አልነገርኳትም።

ከሌላ ሰው ሰማች። «ይቅናሽ» አለችኝ ብቻ። ራት ለየብቻ በላን፣ ሽሮው ግን ከአንድ ጆንያ የወጣ ነው።

ዓርብ

ከደሳለኝ ጋር ሠላሳ አራት ሆነ። የእሱ እጅ ደግሞ ፈጣን ነው። ድንጋዮቹን ብቻቸውን ለካሁ፤ አምስት ቮልት እንኳ የላቸውም። ማክሰኞ ስድስት ነበሩ!

አባቴ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሬዲዮው ትንሽ ያወራና እንደገና ይዘጋል። እኔም ማክሰኞ ድንጋዮቹ ያረጁ ስለነበሩ ያንኑ አደረግሁ፤ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ፣ ትኩስ እንዳሉ ለክቼ፣ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አልለካኋቸውም። እነሱ በየቀኑ ሲወርዱ ካፓሲተሩ ከስድስት ያሰላሁት ቮልት ላይ ለመድረስ ይንፏቀቃል። የዘውዴ ጣት ምንም አላጠፋም።

መምህሩ አዲስ ድንጋይ ከሱቅ አስመጡ። ሃያ ሁለት ሰከንድ፤ ሁለት መቶ ሃያ ማይክሮፋራድ። «ትክክል!» አሉ። ዘውዴን ይመልሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ያንቺና የደሳለኝ ስም ተላልፏል፣ የኔ ልጅ።»

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። የለችም። «ከገጠር ስንቅ ላመጣ ብላ ከገበያተኛው ጋር ወጣች» አሉኝ እትዬ ጥሩዬ። ሁልጊዜ አብረን ነበር የምንሄደው።

ትራሴ ላይ ስልኳ አለ። ባትሪው ሙሉ ነው፤ ሰዓት ቆጣሪው ተከፍቶ ዜሮ ላይ ቆሟል። እኔ ስልክ የለኝማ። ለውድድሩ ትታልኝ ነው።

ቅዳሜ

ይቅርታ ልላት እፈልጋለሁ። በምን ልደውልላት? የምደውልበትም የምደውልለትም ስልክ እጄ ላይ ነው። በሰደበችኝ ይሻል ነበር።

እሑድ

ስንቅ ሊያመጡ ገጠር የሄዱት ተማሪዎች ሁሉ ተመለሱ። መንገድ ዳር ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው። ዘውዴን ያየ የለም። የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ነገ ጠዋት ነው የሚነሳው። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ ብትመጣ ባትሪው ሙሉ እንደሆነ ላስረክባት።