የግራኙ ወንበር

ኅዳር 9 ቀን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ

ለግራኜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካላቴ ይታዘዘኛል። ደብዳቤህን እህትህ አመጣችልኝ። እጄ ላይ አድርጋልኝ ልትሄድ ስትል እኔም ተቀመጪ አላልኳትም። መተኮሻዬን አጥፍቼ አነበብኩት። «ልምጣ ወይ? ጠረጴዛችንስ አሁንም አለ?» ትላለህ። የሁለተኛው መልስ ይቀላል፤ ከሱ ልጀምር።

አለ። ግቢውም ያው ነው፤ ድንጋዩም፣ የእንጨቱ ሰገነትም። ወይኑ ግን ሰገነቱን አልፎ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። አንተ መሰላል ተሸክመህ ትለኩሳቸው የነበሩት ፋኖሶች በአምፖል ተተክተዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሻማ ነው። ምግብ ቤታችን ስሙ ገኗል። ፍቅረኛሞች ቀድመው ቦታ እያስያዙ ከሩቅ ይመጣሉ። እኔ ያው የጠረጴዛ ልብስ ላይ ነኝ፤ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አነጥፋለሁ።

ያን ማታ መቼም አልረሳኸውም። ለሰርጋችን ሳምንት ሲቀረው የምግብ ቤቱ ባለቤት ትልቋ እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ዛሬ ተስተናጋጆቹ እናንተ ናችሁ» ብለው ከወይኑ ስር አስቀመጡን። ሾርባውን ጨርሰን ዓሣው ሳይመጣ፣ «በረደሽ እንዴ? ቆይ ኮቴን ከጓሮ ላምጣልሽ» ብለህ ተነሳህ። ዓሣው መጣ። ቀዘቀዘ። እትዬ «ይመጣል፤ ቦታውን እንዳታነሱበት» አሉ። በማግስቱም እንደዚያው አሉ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ማንም አላነሳውም፤ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ማንም ማንሳት አልደፈረም። የዚያን ጊዜ ሠራተኞች አንድ በአንድ ሄዱ። ጠረጴዛው ለማን እንደሚነጠፍ የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ።

አሁን የሚመጣውን ስማኝ። ዋናው አስተናጋጅ፣ ምላሱ ስለማያርፍ «ጠበቃው» ነው የምንለው፣ ለእንግዶች ታሪክ ይነግራቸዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከመቶ ዓመት በፊት በዚህ ግቢ አንዲት ሙሽራ በረዳት» ይላል። «እጮኛዋ ኮት ላምጣልሽ ብሎ ወጣ፤ መንገድ ላይ ሞት ቀደመው። እሷም እዚሁ ስትጠብቀው ሞተች።» ከዚያ ጠረጴዛችን ዘንድ ይወስዳቸዋል። «ተመልከቱ፣ ቢላው በግራ፣ ሹካው በቀኝ። ለሙታን ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚቀርበው።»

ግራኝ ስለሆንክ ነው እኮ። መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ በሳቅ ፈረስኩ። እየቆየ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። አንዳንዱ እንግዳ ከወይኑ ጀርባ ነጭ የለበሰች ሴት አየሁ ብሎ ይደነግጣል። የጠረጴዛ ልብስ ታቅፌ የማልፈው እኔ ነኝ። አይዟችሁ፣ እኔ ነኝ ልላቸው እፈልግና ጨርቄን እንደታቀፍኩ አልፋለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ለማንም አልነገርኩም። ያ ጥግ ፀሐይ አያውቀውም፤ አንዳንድ ቀን ግን አንጥፌ ስጨርስ የወንበርህ መደገፊያ ሞቆ አገኘዋለሁ። ሰው ገና አሁን የተነሳበት ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከእጮኛዋ ጋር መጥታ ታሪኩን ስትሰማ እንባዋ መጣ። «ባይሞት ኖሮ ይመለስላት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ጠበቃው፣ «ምን ጥርጥር አለው፤ የሞተው ኮቱን እንደያዘ ነው» አላት። እኔ ኋላቸው ቆሜያለሁ። ልጅቷ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ብዙ ኖረዋል። እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው ልጄ» አልኳት። «ኮቱን እንደያዘ ነው።»

ውሸት መሆኑን እያወቅኩ አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ ይኸው ነው። በጠበቃው ታሪክ ውስጥ ያለው እጮኛ ኮት ይዞ እየመጣልኝ ነበር። አንተ ግን በሕይወት አለህ፤ ፈርቼ ነው የሄድኩት ትላለህ፣ አግብቼ ወልጄ ነበር ትላለህ። አንተ በዚያ በር የገባህ ቀን እሱ ይሞትብኛል። ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት ከሱ ጋር ነው። ስለዚህ አትምጣ።

ተቆጥቼ እንዳይመስልህ። ቁጣዬ ካለቀ ቆይቷል። ያላለቀው ናፍቆቱ ነው፤ የአንተ ይሁን የሱ ግን ለይቼ አላውቅም።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ዕለት ጠረጴዛችንን እንደ ሌላው አነጠፍኩት፤ ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ። ጠበቃው አየና፣ «እማማ፣ ሟቹን ሊያስቆጡብን ነው እንዴ?» አለኝ። «የሞተ የለም፣ ዞር በልልኝ» አልኩት። ሻማ ሳይለኮስ ግን አላስቻለኝም። ሄጄ እንደ ቀድሞው ገለበጥኩት።

ታሪኩ ሲያልቅ እንግዶቹ «ነፍስ ይማር» ይላሉ። እኔም አብሬያቸው እላለሁ፣ ለሁለታችንም። ዛሬ አንተን እንደዚያ ማለት አቃተኝ። እንግዲያው ዕድሜ ይስጥህ። ልጆችህን ይባርክልህ። ያ ግራ እጅህ አይዛልብህ።

የወይኑ ስር ሙሽራ

ይችን ረስቼ ነበር፦ ሰኞ ሰኞ እንግዳ አንቀበልም፣ ጠበቃውም አይገባም። የጓሮው በር እንደ ድሮው አይቆለፍም። ግቢው ማታ ማታ አሁንም ይበርዳል።