የሲና ባና

እስከዳር ልጄ፣ ቦርሳሽን አስቀምጪና መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ አገሬ ሞላሌ ሄጃለሁ። ሽሮው ተከድኖልሻል፣ አሙቂው። የሲናን ቁልፍ ለአከራያችሁ ለአቶ ምንይሉ መልሻለሁ።

ልጄ ሲና ካረፈች ወዲህ በአልጋዋ አስተኝተሽኛል፣ እግዜር ይስጥሽ። ትናንት ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁሽ፤ ለክፍሏ ሌላ ልጅ አግኝተሻል። ደግ አደረግሽ። የዚህን ታድሶ የተዋበ የድሮ ፊታውራሪ ደርብ ኪራይ ብቻሽን አትችይውም። ብቻ ለኔ ብትነግሪኝ…

ይቅር። ሙት ዓመቷ እስኪያልፍ ልቆይ ብዬ ነበር።

ባናውን ትቼዋለሁ። ከጓሳ በግ ጠጉር እኔው ፈትዬ ያሠራሁላት ነው። «እማዬ፣ በግ በግ ይሸታል፤ እዚህ ፎቅ ላይ ሰው ይስቅብኛል» ብላኝ ነበር። ኋላ ግን ያለሱ እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ሳሙና እንዳታስነኪው፣ ፀሐይ ብቻ አሳዪው። ያ ሰፊ መስኮት ማማሩን ያምራል፣ ብርዱ ግን አይጣል ነው፤ ለምትመጣው ልጅ አልብሻት።

ትራሷን ወስጃለሁ፣ እንዳትፈልጊው።

ልጅቱ «ይሄ ባና የማን ነው?» ብላ የጠየቀችሽ እንደሆነ፣ «የሲና ነው» በያት። አደራ ልጄ፣ ስሟን ጥሪልኝ።

እናትሽ ደብሪቱ