ቀዷ የማይወጣለት መድኃኒት

ይድረስ ለሰይድ፣ ለፋጡማ አባት።

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነበር፤ ያንተን ጤና ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? ከተለየኸን ዓመት ሆነ። ረመዳን ተመልሶ ገብቷል፣ ሰፈሩ ሁሉ አመሻሹ ላይ ሾርባ ሾርባ ይሸታል፣ እኔ ደግሞ ከንዴቴ ጋር ቁጭ ብያለሁ። ሐዘን ብቻ የያዘኝ እንዳይመስልህ። አዝኛለሁ፣ ንዴቱ ግን ከሐዘኑ ይበልጣል። በሞተ ሰው አይቆጡም ይሉኛል፤ እኔ እቆጣለሁ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ነህ። ለሴት ፊደል ምን ሊያደርግላት ነው ሲሉህ፣ ለንግድ ስወጣ ትጽፍልኛለች ብለህ አፋቸውን አስያዝካቸው። ይኸው ጻፍኩልህ፤ እንግዲህ ቻለው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጨው ንግዱን ወንድምህ ይዞታል፤ አሞሌውን እንዳንተ አገላብጦ ስለማያይ ግማሹ ተሰባብሮ ይደርሰዋል። በራፍ ላይ ያለውን፣ ስትገባ ስትወጣ እግርህን የሚመታህን ድንጋይ አስነቅየዋለሁ። የአንድ ቀን ጠዋት ሥራ ነበር፤ አንተ ስንት ዘመን ነገ ነገ አልከኝ!

ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን ታመዋል፣ ወገባቸው አላስነሣ ብሏቸዋል። ሐኪሙ ለአንተ የሰጠህን ያንን በመቀመጫ የሚገባውን የሕመም ማስታገሻ፣ ሱፖስታውን፣ ለሳቸውም ሰጣቸው። ልጃቸው ግን ሰይድን የጨረሰው ይሄ አይደለም ወይ ብሎ አውጥቶ ሊጥለው ተነሣ። ይኸውልህ፣ አንተ ባጠፋኸው የመድኃኒቱ ስም ጠፋ። ሄጄ ጮኽኩበት። ሰይድ መድኃኒቱን እንደታዘዘው ሲወስድ እንደ ሕፃን ይተኛ ነበር፣ የጎዳው የራሱ ግትርነት ነው አልኩት። አሁን ጠዋትም ማታም እየሄድኩ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው እንዳንተ አያስቸግሩም፣ ዙሩ ሲባሉ ይዞራሉ።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ሆድህ ውስጥ ያበጠው ነገር የሚድን አለመሆኑን ሐኪሙ ሳይደብቅ ነው የነገረን። ያ ጣልያን፣ አገሩ ተሸንፎ ጦሩ ሲወጣ እሱ እዚሁ መቀሌ የቀረው። በአፍህ የሰጡህን ሁሉ ትመልሰው ስለነበር፣ ይሄኛው በታች በኩል ይገባል፣ ሕመሙን ያስታግሳል አለ። የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ ግርማይ፣ ያስተረጉምልን ነበር። አንተ ስትሰማ አንገትህን ደፋህ፤ አጠቃቀሙን ሊያሳይ ሲጀምር ጭራሽ ተነሥተህ ወጣህ፣ ግርማይም ለእኔው ነገረኝ።

«ሓፍተይ»፣ እህቴ እያለ፣ ቀስ ብሎ ነበር ያስረዳኝ። እጄን በሳሙና እንድታጠብ፣ ጥፍሬን እንዳሳጥር። አንተን በግራ ጎንህ አስተኝቼ የቀኝ ጉልበትህን ወደ ሆድህ እንዳሰበስብ። ወረቀቱን ልጬ፣ መድኃኒቱን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አርጥቤ፣ ቅቤ ሳልቀባው፣ በሹሉ በኩል ቀስ አድርጌ እንዳስገባ። ከዚያ ተመልሶ እንዳይወጣ ጥቂት ጋደም እንድትል። ሙቀት ካገኘው እንደሚቀልጥ፣ ምድጃ አጠገብ እንዳላኖረው። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ። ከሁሉም በላይ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝ ግን ይሄ ነው፦ አንዱ ቢያመልጥ ያመለጠው አምልጧል፣ ደርቤ እንዳልሰጥህ፤ ሲደረብ እንቅልፉ ይከብድና ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህን ሁሉ ቤት ገብቼ አንድ በአንድ ነግሬሃለሁ። አልሰማሁም እንዳትለኝ።

የመጀመሪያ ቀን ጋቢህን እስከ ጭንቅላትህ ተከናነብክ። ለሰው እንዳትናገሪ ብለህ አስማልከኝ። ልጅ የወለድኩልህን ሚስትህን ታፍራለህ? ሳቄ መጣ፣ አንተም ከጋቢው ሥር ሳቅክ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደህ። ስትነሣ ሾርባ አምጪልኝ አልከኝ፤ ስንት ሳምንት ሙሉ እህል ሲሸትህ ፊትህን ታዞር የነበርክ ሰው። የመድኃኒቱን ቆርቆሮ እንስራው ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሬ አኖረው ስለነበር፣ ከእኔ ይልቅ ለሱ ታስቢለታለሽ እያልክ ትቀልድብኝ ጀመር። አላህን አመሰገንኩ። ደህና ነበርን።

ሕመሙ ሲለቅህ ልብህም አብሮ ለቀቀ። ፋጡማ አንተን ሳታስፈቅድ ሾፌር አግብታ ደሴ ከሄደች ጀምሮ ስሟ እዚህ ቤት እንዳይጠራ ብለህ ነበር። እኔ በስውር ሰላምታ እየላክሁ፣ አንተ ያላወቅህ እየመሰልክ ስንት ጊዜ ኖርን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራስህ ጠራሃት። «ፋጡማን አስመጪልኝ፤ በአፌ ልመርቃት» አልከኝ። እያለቀስኩ ወጥቼ ወደ ደሴ በሚወርደው የጭነት መኪና መልእክት ላክሁ። ልጄ ያንን ምርቃት እንዴት ስትጠብቀው እንደኖረች አንተም ታውቃለህ። ያልተመረቀች ልጅ እየተባለች ነው በሰው አገር ጎጆዋን ያቆመችው።

ከዚያ ረመዳን ገባ፣ አንተም ከሸኹ በላይ ሸኽ ሆንክ።

የቀኑን መድኃኒት ጾሜን ያፈርስብኛል ብለህ አሻፈረኝ አልክ። ሸኹ ራሳቸው ቤትህ ድረስ መጥተው ለበሽተኛ ተፈቅዷል፣ አትጾምም፣ ስለ እያንዳንዱ ቀን ለሚስኪን ታበላለህ አሉህ። እሳቸው እስኪወጡ እሺ እሺ አልክ። እንደወጡ፣ አዝነውልኝ ነው አልከኝ። እኔም ግርማይ ዘንድ ሮጥኩ። ግርማይ ክርስቲያን ሆኖ ለጾምህ ካንተ ይልቅ ተጨነቀ፤ ሐኪሙን ጠይቆ፣ አንዱን እንዳፈጠረ አንዱን ከጎህ በፊት በሱሑር ይውሰድ ብሎ መላውን ዘየደ። ደስ ብሎኝ መጣሁ። አንተ ግን የሱሑሩ መድኃኒት ጎህ ከቀደደ በኋላም ሆዴ ውስጥ ይቀልጣል፣ ያው ማፍረስ ነው አልክ። ከጎህ በፊት የገባ አያፈርስም ሲሉህ ሸኹን አልሰማህ፣ እኔን አልሰማህ። ማታ ማታ አንዱን ብቻ ትወስዳለህ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጥርስህን ነክሰህ ግድግዳውን በጥፍርህ ትቧጥጣለህ። መድኃኒቱ እንስራው ሥር ተቀምጦ! ያንን እያየሁ ሾርባ ማማሰል ምን እንደሆነ አታውቀውም። አላህ ያንን ከአንተ አልጠየቀም። አንተ ነህ የጨመርከው።

ፋጡማ በማግሥቱ እንደምትደርስ መልእክት መጣልን። ካፈጠርክ በኋላ የማታውን ሰጥቼህ፣ ጋደም በል ብዬህ፣ ለልጄ የምትተኛበት ፍራሽ ልዋስ አደይ ለተብርሃን ቤት ሄድኩ። ብዙም አልቆየሁ። ስመለስ ቆርቆሮው ከአሸዋው ወጥቶ ተከፍቷል፣ የተላጡት ወረቀቶች መሬት ላይ ወድቀዋል። አንተ ጎበዝ፣ ስታፍርብኝ የኖርክ ሰው፣ ለብቻህ አስገባሃቸዋል።

ምን አደረግህ ብዬ ስጮኽ ፈገግ አልክ። «በቀን ያመለጠኝን ቀዷውን አወጣሁ። ነገ ሳላቃስት ቁጭ ብዬ ልመርቃት ነው» አልከኝ።

ቀዷ! ያመለጠ ሶላት ቀዷ ይወጣለታል፣ የተበላ ጾም ቀዷ ይወጣለታል። መድኃኒት ሶላት ነው እንዴ፣ ሰይድ? ያመለጠው አምልጧል ብዬህ አልነበረም? ወዲያው ከባድ እንቅልፍ ይዞህ ሄደ፣ ብቀሰቅስህ አልነቃ አልክ። ሰው ልኬበት ግርማይ ከቤቱ እየሮጠ መጣ፣ ወዘወዘህ፣ ስምህን ጠራ፣ ዓይንህን ገልጦ አየ፤ ብሌንህ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። እኔን ቀና ብሎ ሲያየኝ ገባኝ።

ፋጡማ ረፋዱ ላይ ደረሰች። የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ መደብህ ሥር ተንበርክካ አባባ አባባ አለችህ። አንተ ገና ትተነፍስ ነበር፣ በጣም እያራራቅህ። ጭንቅላቷን ከእጅህ አጠገብ አድርጋ ጠበቀች። እጅህን አንሥቼ አናቷ ላይ ላኖረው ቃጣኝና ተውኩት፤ ልጄን አላታልላትም። የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ትንፋሽህ ቆመ።

በሽታው ያው ሊወስደው ነበር ይሉኛል። አውቃለሁ፣ ማን ቀረ አለ? እኔ የምቆጣህ ስለ አንድ ቀን ነው። እንደታዘዝከው ብትወስድ ኖሮ ያቺን ቀን እያቃሰትክም ቢሆን በነቃ ዓይንህ ታያት ነበር። እያቃሰተ የመረቀ አባት ምርቃቱ አይደርስም ያለህ ማነው? ሸኹ ደግሞ አይዞሽ፣ ኒያውን፣ የልቡን ሐሳብ፣ አላህ አይቶለታል ይሉኛል። አላህስ በኒያ ይቀበል፤ ልጅ ግን በኒያ አትጠግብም። ምን ሊለኝ ነበር እማዬ እያለች ትጠይቀኛለች፣ እኔም ያልሰማሁትን ፈጥሬ አልነግራትም።

በቀደም መጥታ ነበር፣ ነፍሰ ጡር ናት። እጄን ዘርግቼ እኔ መረቅኋት፦ ውለጂ፣ ክበጂ፣ በሰላም ተገላገይ፣ ቤትሽ ይሙላ አልኳት። ባወቅሁት ሁሉ፣ ድምፄ እስኪደክም። በየመሐሉ አሚን አሚን ትለኛለች። ዓይኗ ግን መደብህ ላይ ነበር።

ይህን አልረሳልህም፣ ሰይድ። አንተንም አልረሳህም።

ዘይነባ